ለአጭር አፈሙዝ ጠመንጃ የቱ ድምፅ ማፈኛ? አንድ ለሁሉ ወይስ ለየካሊበሩ

ጥያቄ፦

«የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። በ5.56 ሚሊሜትር ጥይት የሚሠራ፣ 10.5 ኢንች አፈሙዝ ያለው ኤአር-15 ጠመንጃ አለኝ፤ በአጭር አፈሙዝ ጠመንጃነት አስመዝግቤዋለሁ። በዚያው ሎወር (ቃታውና እጀታው ያለበት የታችኛው ክፍል) ላይ እየቀያየርኩ የምጠቀምበት፣ .300 ብላክአውት የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ባለ 9 ኢንች አፐር (አፈሙዙ ያለበት የላይኛው ክፍል) ልገዛ ነው። ወደፊት ደግሞ ለአጋዘን አደን አንድ ቦልት አክሽን (በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ) .308 ጠመንጃ አስባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምተኩሰው በመተኮሻ ሜዳ ነው፤ አልፎ አልፎ ጓደኛዬ እርሻ ላይ የዱር አሳማ እናድናለን። ባለቤቴም አብራኝ ትተኩሳለች። የ200 ዶላሩ የፌዴራል ታክስ ስለቀረ ድምፅ ማፈኛ ልገዛ ወስኛለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ቀዳዳው .46 ኢንች የሆነውን ግዛና ለሁሉም ተጠቀምበት ይላል። ሌላው ደግሞ ለ5.56 ብቻ የተሠራውን ካልገዛህ ገንዘብህን ጣልከው ይለኛል። ማንን ልስማ?»

አንባቢ፣ ጋርላንድ ቴክሳስ

መልስ፦

ጓደኞችዎ የሚከራከሩት ስለ ቀዳዳው ስፋት ነው። አጭር አፈሙዝ ላይ ግን ከዚያ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ማፈኛው ያንን አፈሙዝ ይችለዋል ወይ? ለእርስዎ የምንመክረው .30 ካሊበር (ለ.30 ኢንች አረር የተሠራ)፣ ከ6 እስከ 7 ኢንች የሚረዝም፣ ከኢንኮኔል (ሙቀት የሚችል የኒኬል ቅይጥ) ወይም ከጠንካራ ብረት የተሠራና አምራቹ 5.56ን በ10.5 ኢንች አፈሙዝ በጽሑፍ የፈቀደለትን ነው። .46ቱን ይተዉት። ለ5.56 ብቻ የተሠራውንም ለአሁኑ ይተዉት፤ ምክንያቱ ግን የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከአፈሙዙ ርዝመት እንነሣ። 5.56 የተነደፈው ለ20 ኢንች አፈሙዝ ነው። ኤም 193 የሚባለው ጥይት ከ20 ኢንች ሲተኮስ አረሩ በሰከንድ ወደ 3,250 ጫማ ይበርራል፤ ከ10.5 ኢንች ሲተኮስ ወደ 2,700 ጫማ ገደማ ይወርዳል። የጎደለው ፍጥነት የት ገባ ቢሉ፣ ባሩዱ ነድዶ ሳያልቅ አረሩ ስለወጣ ነው። አረሩ ሲወጣ የሚከተለው ጋዝ ግፊቱ ባለ 16 ኢንቹ ላይ ካለው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ያልነደደው የባሩድ ፍርካሽም አብሮ ይወጣና የማፈኛውን የመጀመሪያ ባፍል (ጋዙን የሚያግደውን የውስጥ ክፍልፋይ) እንደ አሸዋ ርጭት ይፍቀዋል። በረጅም አፈሙዝ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቀላል የታይታኒየም ማፈኛ በ10.5 ኢንች 5.56 ላይ በፈጣን ተኩስ በጥቂት ሺህ ጥይት የመጀመሪያ ባፍሉ ሊበላ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት አምራቹ ያወጣውን ዝቅተኛ የአፈሙዝ ርዝመት ሰንጠረዥ ያንብቡ። ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ጥይት ለየብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ማፈኛ ለ.300 ብላክአውት 7 ኢንች፣ ለ5.56 10 ኢንች፣ ለ.308 16 ኢንች ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ ያው .30 ተብሎ ለ5.56 16 ኢንች ይጠይቃል፤ ይህ ለእርስዎ አይሆንም። «ሙሉ አውቶማቲክ ይችላል» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ አያሳምንዎ። ሁሉም አምራች የሚስማማበት አንድ መለኪያ ስለሌለ እያንዳንዱ የሚለው የራሱን ነው። የሚታመነው የአፈሙዝ ርዝመቱ ቁጥር ነው፤ ዋስትናውም የሚጸናው በዚያ ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ለ.300 ብላክአውት ብቻ ተብለው የሚሸጡ .30 ማፈኛዎች አሉ። ቀዳዳቸው ለ.308 ይበቃል፤ ግድግዳቸው ግን የ.308ን ግፊት አይችልም። .308 ስለሚያስቡ በጥይቶቹ ዝርዝር ውስጥ .308 (7.62 ናቶ) በስሙ ተጽፎ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ካሊበሩ። የ5.56 አረር ውፍረቱ 5.7 ሚሊሜትር ነው፤ የ.300 ብላክአውትና የ.308 ደግሞ 7.8 ሚሊሜትር። ለ5.56 የተሠራ ማፈኛ ቀዳዳው 6.5 ሚሊሜትር አካባቢ፣ የ.30ው ደግሞ ከ8.4 እስከ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በሰፋው በኩል ተጨማሪ ጋዝ ያመልጣልና .30ው በ5.56 ላይ ከልዩው ጥቂት ዴሲቤል ከፍ ቢል አይግረምዎ። ልዩነቱ በመሣሪያ ይለካል፤ በጆሮ ግን ብዙ ሰው አይለየውም።

ለምን ቢሉ፣ ኤአር ላይ የተኳሹን ጆሮ የሚመታው ድምፅ ከማፈኛው ፊት ብቻ አይመጣም። ቀለሁ ከሚወጣበት መስኮት፣ ከፊትዎ ጥቂት ኢንች ርቆ፣ ጋዝ ይፈነዳል። ማፈኛው በጠበበ ቁጥር ወደኋላ የሚመለሰው ጋዝ ይበዛል፤ ከፊት የተቀነሰው ድምፅ በመስኮቱ በኩል ይመለስልዎታል። ሰፋ ያለው .30 ከፊት ትንሽ ቢጮህም ፊትዎ ላይ የሚነፋው ጋዝ ያንሳል። በአጭር አፈሙዝ 5.56 ላይ ይህ ከጉዳት ይልቅ ጥቅሙ ያመዝናል። ሁለተኛው ጓደኛዎ ያልቆጠረው ይህንን ነው።

የ.46ቱ ነገር ሌላ ነው። የ12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስፋቱ ከ5.7 ሚሊሜትር አረር ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ጋዙ ሳይታገድ ይወጣል። እንደ ሳይለንሰርኮ ሃይብሪድ 46ኤም ያሉት ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። እንደ .45-70 ወይም .458 ሶኮም ያለ ወፍራም አረር ለሚተኩስ፣ ሽጉጥም ለጨመረ ሰው ምክንያት አላቸው። እርስዎ ከ.30 በላይ የሆነ ምንም የለዎትም። የፊት ክዳኑን በጠባብ እየቀየሩ መጠቀም ይቻላል ይሉዎታል። ይቻላል፤ ግን ክዳኑ ከማፈኛው መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት፤ ውስጥ ያሉት ባፍሎች እንደሰፉ ይቀራሉ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው የ5.56ን ክዳን እንደተጫነ ረስቶ .30 መተኮስ ነው።

እንደ እርስዎ ባለ ቤት .30ን የምናስቀድምበት ዋናው ምክንያት ይኸው መርሳት ነው። ሁለት አፐር፣ አንድ ሎወር፣ ሁለት ተኳሽ። ለ5.56 ብቻ የሆነ ማፈኛ ከገዙ፣ አንድ ቀን ሁለቱም አፐሮች ተመሳሳይ ማውንት (ማፈኛው የሚታሰርበት የአፈሙዝ ጫፍ ዕቃ) ለብሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ የ5.56ቱ ማፈኛ ያለ ምንም ችግር የ.300ው አፈሙዝ ላይ ይገባል። 7.8 ሚሊሜትር አረር በ6.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አይወጣም። ባፍሎቹ ይቀደዳሉ፣ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል፣ አጠገብ ያለ ሰው ይጎዳል። የ.30ው ማፈኛ ግን በየትኛውም አፐርዎ ላይ ቢገባ አረሩ ያልፋል። ስሕተቱን ጨርሶ የማይፈቅድ ዕቃ ከጥንቃቄ ይበልጣል። ሁለት ማፈኛ የሚያስቀምጥ ሰው ለእያንዳንዱ ካሊበር ሌላኛው ላይ ጨርሶ የማይገጥም ማውንት ቢለይ ይሻለዋል።

ሌላም አለ፤ ማፈኛን ባይመለከትም ከዚሁ ጋር ይነገራል። .300 ብላክአውት የተሠራው ከ5.56 ቀለህ ስለሆነ በአንድ ካዝና ይገባል፣ በአንድ ቦልትም (ጥይቱን ከኋላ በሚዘጋው ብረት) ይሠራል። ቀላል አረር ያለው .300 ጥይት በ5.56 አፈሙዝ ውስጥ ተገፍቶ ቦልቱ ሊዘጋበት ይችላል፤ ቃታ ከተሳበ ጠመንጃው ይፈነዳል። ለ.300ው ሌላ ቀለም ያለው ካዝና ይግዙ፤ ጥይቶቹን በአንድ ቦርሳ አያስቀምጡ፤ አፐር ሲቀይሩ የሌላው ካሊበር ካዝና ከጠረጴዛው ይነሣ።

በ.300 በኩል የሚጠብቁትን ልናስተካክል። ይህ ጥይት በ2011 በሳሚ (የአሜሪካ የመሣሪያና የጥይት አምራቾች መለኪያ አውጪ ተቋም) ተቀባይነት ሲያገኝ የታሰበለት አጭር አፈሙዝና ማፈኛ ነበር። ባሩዱ በ9 ኢንች ውስጥ ባብዛኛው ነድዶ ያልቃል፤ ስለዚህ በዚያ ጠመንጃ ላይ ማፈኛዎ ይቀልለዋል። ከ190 እስከ 220 ግሬን የሚመዝነው ንዑስ ድምፅ ጥይት በሰከንድ ከ1,000 እስከ 1,050 ጫማ ስለሚሄድ፣ ከድምፅ ፍጥነት (በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 1,125 ጫማ) በታች ነውና አየሩን ሰንጥቆ አይጮኽም። 5.56 ግን ሁልጊዜ ሰንጥቆ ይጮኻል፤ ያንን ጩኸት የትኛውም ማፈኛ አይነካውም። አፐሩን ሲገዙ የአፈሙዙ ጥምዝ 1፡7 ወይም 1፡8 (በ7 ወይም በ8 ኢንች አንድ ዙር)፣ የጋዝ ቱቦውም ፒስቶል ርዝመት የሚባለው አጭሩ ይሁን። ጥምዙ ካነሰ ከባዱ አረር እየተንገዳገደ ይወጣና ባፍል ይመታል። ለአሳማ ንዑስ ድምፅ ከመረጡ በዝግታ ፍጥነትም እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ አረር ይግዙ፤ ለዒላማ የሚሠራው ሳይከፈት በእንስሳው ውስጥ አልፎ ይሄድና ቆስሎ ጫካ ይገባብዎታል። ሥጋውን ባትበሉትም አቁስሎ መተው ደግ አይደለም።

ወደኋላ ስለሚመለሰው ጋዝ ረዘም አድርገን እንጻፍ፤ ማፈኛ ከገጠሙ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ በብዛት ከዚህ ነው። ባለ 10.5 ኢንች ኤአሮች ያለ ማፈኛ በየትኛውም ጥይት እንዲሠሩ ሲባል የጋዝ ቀዳዳቸው (ቦልቱን የሚያንቀሳቅሰው ጋዝ የሚያልፍበት) ሰፋ ተደርጎ ይበሳል። ማፈኛ ሲጨመርበት ቦልቱን የሚሸከመው ቦልት ካሪየር ከልክ በላይ ይፈጥናል። ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦ ቀለሁ በሰዓት አቆጣጠር ወደ 1 እና 2 አቅጣጫ ወደፊት ይወረወራል (ጤነኛው ወደ 3 እና 4 ነው)፤ የቀለሁ ጠርዝ ይላጣል ወይም ይቀደዳል፤ ቦልቱ ካዝናው ጥይቱን ወደላይ ሳይገፋ ቀድሞ ይመለስና ያለ ጥይት ይዘጋል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ቦልቱ በጥቁር ጥቀርሻ ይሸፈናል። ብዙ ሰው ማፈኛውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ቀዳዳው ላይ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ከባድ ባፈር (ካሪየሩ ወደኋላ ሲመጣ የሚያዘገየው ክብደት) ነው። ካርባይን የሚባለው 3 አውንስ፣ ኤች የሚባለው 3.8፣ ኤች 2 የሚባለው ደግሞ 4.6 አውንስ አካባቢ ይመዝናል። እርስዎ ግን አንድ ሎወር ለሁለት አፐር ስለሚጠቀሙ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ባፈሩ ያለው ሎወሩ ውስጥ ነው። ለ5.56 ብለው ኤች 2 ካስገቡ፣ ደካማው የ.300 ንዑስ ድምፅ ጥይት ቦልቱን እስከ መጨረሻው ሊገፋው አይችል ይሆናል፤ በተለይ ማፈኛው በሌለ ቀን። ስለዚህ ሎወሩ ላይ ኤች ይተዉና ማስተካከያውን 5.56ቱ አፐር ላይ ያድርጉት፤ የሚያልፈውን ጋዝ መጠን የሚቆጣጠር፣ የሚስተካከል ጋዝ ብሎክ ያስገጥሙ።

አስተካክሉም እንዲህ ነው። ማፈኛውን ይግጠሙ፤ ሁልጊዜ የሚተኩሱትን ጥይት ያዘጋጁ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ይዝጉ። ካዝና ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ያስገቡና ይተኩሱ፤ ቦልቱ ወደኋላ ካልተቆለፈ አንድ ጠቅታ ይክፈቱ፣ ይድገሙ። መቆለፍ ሲጀምር በዚያው ቦታ አምስት ጊዜ ተኩሰው ያረጋግጡ። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ ይጨምሩ፤ ጠመንጃው ሲቆሽሽና ብርድ ሲሆን ያ ትርፍ ያስፈልጋል። በዚህ ልክ ያለ ማፈኛ ላይሠራ ይችላል፤ ያለ ማፈኛ የሚተኩሱበት ቀን ካለ ስንት ጠቅታ እንደሚጨምሩ ጽፈው ያስቀምጡ። የማስተካከያው ብሎን በካርቦን የመድረቅ ልማድ አለው፤ በየጥቂት መቶ ጥይቱ ሙቀት የሚችል ቅባት አድርገው ወዲያና ወዲህ ያዙሩት።

ይህንን ሁሉ ላለመነካካት ከመጀመሪያው ጋዝ ወደፊት የሚያሳልፍ ማፈኛ መግዛትም ይቻላል። ሀክስወርክስ የተባለው አምራች ፍሎው የሚላቸው ማፈኛዎች የታወቁት በዚህ ነው፤ .30ም አላቸው። ሹርፋየርም አርሲ 2 ከሚባለው በኋላ ባወጣው አርሲ 3 ጋዙን ቀንሷል፤ እሱ ግን የ5.56 ነው። ጉዳቱ ከፊት ያለው ድምፅና ብልጭታ ትንሽ ከፍ ማለቱ ነው። ግራ እጅ ተኳሽ ከሆኑ፣ ወይም ባለቤትዎ ከሆኑ፣ ፊት ለመስኮቱ ስለሚቀርብ ገንዘቡ ይገባዋል።

የተሠራበት ነገር ላይ አንከራከርም። ታይታኒየም ከብረት ወደ 40 በመቶ ይቀላል፤ ለ.308 ቦልት አክሽን ተራራ ይዞ ለሚወጣ አዳኝ ይህ ብዙ ነው። ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ግን ጥንካሬው ይወርዳል፤ በአጭር አፈሙዝ ፈጣን ተኩስ እዚያ ለመድረስ ብዙ ካዝና አይፈልግም። ታይታኒየም ብልጭታም ይረጫል፤ በሌሊት ማያ አሳማ ሲያድኑ ዓይንዎን ያጥበረብራል። ለ10.5 ኢንቹ ኢንኮኔል 718፣ 17-4 ብረት፣ ወይም እንደ ዴድ ኤር ሳንድማን-ኤስ ባፍሎቹ ከስቴላይት (ጠንካራ የኮባልት ቅይጥ) የሆኑ ይሻላሉ። ክብደታቸው ከ15 እስከ 20 አውንስ ነው፤ በአጭር ጠመንጃ ጫፍ ላይ ይሰማል፣ ግን ይለመዳል። 5 ኢንች አካባቢ የሆኑት አጫጭሮቹ ያምራሉ፤ በ10.5 ኢንች 5.56 ላይ ግን ጋዙ የሚበርድበት ቦታ ስለሚያንሳቸው በጣም ይጮኻሉ። የፈለጉት ጸጥታ ከሆነ አይግዟቸው።

ጆሮዎን በማፈኛ አይመኑት። ያልታፈነ 5.56 ወደ 165 ዴሲቤል ነው። ታፍኖ በአጭር አፈሙዝ 140 አካባቢ ያንዣብባል፤ 140 ደግሞ ለድንገተኛ ድምፅ የሚጠቀሰው የአደጋ ወሰን ነው። የመጀመሪያው ጥይት ቱቦው ውስጥ ባለው ኦክስጅን ምክንያት ከተከታዮቹ ይበልጥ ይጮኻል። በሜዳ ላይ ሁለታችሁም የጆሮ መከላከያ አድርጉ። በጣራ ሥር ከሆነ እጥፍ ይሁን።

ወደ ወረቀቱ። በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ (ኤንኤፍኤ) የጣለው 200 ዶላር ታክስ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለማፈኛና ለአጭር አፈሙዝ ጠመንጃ ዜሮ ሆኗል። የቀረው ታክሱ ብቻ ነው። ምዝገባው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ የሚላከው ማሳወቂያ እንዳለ ነው። ፈቃድ ካለው የቴክሳስ ነጋዴ ይገዛሉ፤ የዝውውር ማመልከቻው ፎርም 4 ለኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ይላካል፤ እስኪጸድቅ ዕቃው ሱቁ ውስጥ ይቆያል፤ ሲረከቡ የገዢውን ቅጽ፣ ፎርም 4473፣ ይሞላሉ። ታክሱ መቅረቱ ለምርጫዎም ትርጉም አለው። ድሮ እያንዳንዱ ማፈኛ 200 ዶላር ስለሚጨምር «አንድ ለሁሉ» የሚለው ክርክር ኃይል ነበረው። ዛሬ ለ.308 ቀላል ታይታኒየም በኋላ ለብቻው ቢገዙ የሚጨምረው የዕቃው ዋጋና ወረፋው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማፈኛ ላይ ሁሉንም ሸክም አይጫኑበት፤ ለኤአሩ ይምረጡት።

ባለቤትዎ ስለሚተኩሱ በግል ስም ወይስ በትረስት (ንብረት በጋራ የሚያዝበት ሕጋዊ ሰነድ) የሚለውን ከመግዛትዎ በፊት ይወስኑ። በግል ስም ከሆነ እርስዎ አብረው እያሉ ሊተኩሱ ይችላሉ፤ እርስዎ በሌሉበት ግን ማፈኛው በእጃቸው ሊሆን አይገባም፣ ማፈኛው የተቆለፈበትን ሣጥን ቁልፍም መያዝ ያስጠይቃል። በትረስት ሁለታችሁም ኃላፊ ሆናችሁ ትመዘገባላችሁ፤ እያንዳንዳችሁ አሻራ፣ ፎቶና ፎርም 23 ታቀርባላችሁ። ወረቀቱ ቢበዛም ለባልና ሚስት ትረስቱ ይሻላል።

ዜግነት ላልወሰዱ አንባቢዎቻችን፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃም ማፈኛም መያዝ አይፈቀድለትም። ሳይነገር የሚታለፍ ነገርም አለ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የአንደኛ ምድብ ክልክል ዕፅ ነው። ፎርም 4473 የክልክል ዕፅ ተጠቃሚ መሆንዎን ይጠይቃል፤ በዚያ ፎርም ላይ መዋሸት ራሱ ወንጀል ነው።

ቴክሳስ በ2021 በቴክሳስ ውስጥ የተሠራ ማፈኛን ከፌዴራል ሕግ ነፃ አድርጋለች የሚል ወሬ ይሰማሉ። የክልሉ ሕግ እውነት ነው፤ የፌዴራሉን ሕግ ግን አያነሣም። በኢንተርኔት «የማጽጃ ፈሳሽ መሰብሰቢያ» ወይም «የነዳጅ ማጣሪያ» ተብለው በርካሽ የሚሸጡትንም አይንኩ፤ ያልተመዘገበ ማፈኛ ይዘው ከተገኙ እስከ 10 ዓመት እስራት አለው። ዘመድ ለመጠየቅ በመኪና ሲወጡም ያስቡ፤ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በካሊፎርኒያ፣ በኒውዮርክ፣ በኒውጀርሲ፣ በኢሊኖይ፣ በማሳቹሴትስ፣ በዴላዌር፣ በሮድ አይላንድና በሃዋይ ለግለሰብ ማፈኛ ክልክል ነው። በሚፈቀድበት ክልልም ቢሆን አጭሩን ጠመንጃ ከቴክሳስ ለማውጣት አስቀድሞ በፎርም 5320.20 ፈቃድ ይጠየቃል፤ ማፈኛው ብቻውን ይህ አያስፈልገውም።

አሁን አገጣጠሙ። 5.56ቱ አፈሙዝ ጫፉ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ 1/2×28 (ስፋቱ ግማሽ ኢንች፣ በኢንች 28 ጥርስ) ነው፤ የ.300ውና የ.308ቱ 5/8×24። በ1/2×28 የሚወጡ የ9 ሚሊሜትር አፈሙዞችም ስላሉ፣ ጥርሱ ገጠመ ማለት ካሊበሩ ገጠመ ማለት አይደለም። የኋላ ጥርሱ 1.375×24 የሆነ ማፈኛ ይምረጡ፤ የብዙ አምራቾችን ማውንት ስለሚቀበል ወደፊት አይታሰሩም። ከዚያ ከአንድ የማውንት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱን ይግዙ። በ10.5 ኢንቹ ላይ ብሬክ የሆነውን (ጋዙን ወደ ጎን የሚመልሰውን) ማውንት ያድርጉ፤ የመጀመሪያውን ምት እሱ ስለሚቀበል ባፍሉን ያቆይልዎታል። በ.300ው ላይ ብልጭታ መቀነሻው ይበቃል።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ይዩ። አፐሩን በሪአክሽን ሮድ (አፐሩን ከውስጥ በሚይዝ ዘንግ) ሞርሳ ላይ ያስይዙ፤ አልሙኒየሙን አካል በሞርሳ ጨምቀው አያዙሩ። ነባሩን የአፈሙዝ ጫፍ ዕቃ ያውጡና ከሥሩ ያለውን ተጨፍላቂ ሮንዴላ ይጣሉት። ያ ሮንዴላ ሲጨፈለቅ እኩል ስለማይሆን ማውንቱን ያጣምማል፤ ባፍል ከሚመቱት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ብሬኩን በአቅጣጫው ለማቆም ከማውንቱ ጋር የሚመጡትን ስስ ጠፍጣፋ ሮንዴላዎች ይጠቀሙ። ጥርሱን በአሴቶን አጽድተው ያድርቁ፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ሮክሴት (ሙቀት የሚችል ሙጫ) ያድርጉ። ተራው የብሎን ሙጫ በማፈኛ ሙቀት ይቀልጣልና አይሆንም። አምራቹ ባዘዘው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ፉት-ፓውንድ፣ በቶርክ መፍቻ ያጥብቁና 24 ሰዓት ይተዉት። ለማውጣት ሲፈልጉ በውኃ ዘፍዝፈው ያላሉታል።

ከዚያ ማፈኛው ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ማለቱን የሚያሳየው የአሰላለፍ ዘንግ። ለ5.56 አንድ፣ ለ.30 ሌላ ያስፈልጋል፤ በዋጋው አይሳሱ። ማፈኛውን ይግጠሙ፣ ዘንጉን ከጫፉ በኩል በቀዳዳው አሳልፈው ወደ አፈሙዙ ያስገቡ፣ ከፊት ለፊት በብርሃን ይዩ። በዘንጉና በቀዳዳው ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። ማፈኛውን ፈትተው እንደገና ገጥመው ይድገሙት። በተኩስ ቀንም በየካዝናው መካከል መላላቱን በወፍራም ጓንት ያረጋግጡ፤ በባዶ እጅ ከነኩት ቆዳዎ ይቀራል፣ ትኩሱን ናይለን ቦርሳ ውስጥ ከከተቱት ቦርሳው ይቀልጣል።

በ5.56ቱ ላይ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ካደላ መጀመሪያ ማውንቱን አውጥተው ትከሻው ላይ ቆሻሻ፣ የሙጫ ቅሪት ወይም የተረሳ ሮንዴላ ይፈልጉ። ንጹሕ ሆኖም ካደላ ማፈኛውን በሌላው አፐር ላይ ይሞክሩት። እዚያ ቀጥ ካለ ጥርሱ የተጣመመው 5.56ቱ አፈሙዝ ወይም እሱ ላይ ያለው ማውንት ነው፤ ለጠመንጃ ሠሪ ይስጡት ወይም አፈሙዙን ለአምራቹ ይመልሱት። በሁለቱም ላይ ካደላ ግን ችግሩ ማፈኛው ወይም የኋላ ማውንቱ ስለሆነ፣ አንድም ጥይት ሳይተኩሱበት ለገዙበት ሱቅ ይደውሉ።